ሳይጠርግ የቀባው ሰውዬ

ግድግዳውን ሳይጠርግ ኖራ የሚቀባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ፊቱን የማጥብለት እኔው ነኝ።

በደርግ ጊዜ ሞጣ ላይ አስተማሪ ነበርኩ። የማስተምረውም፣ አትሳቁብኝና፣ ጤና አጠባበቅ ነው። ለአብዮት በዓል በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ኖራ እንዲቀባ ቀበሌው አዘዘ። ጎረቤቴ መሪጌታ ሁለት ቀን ሙሉ የጭቃ ግድግዳቸውን ሲጠርጉ፣ ውሃ ሲያርከፈክፉ ዋሉ። እኔ ግን ከነአቧራው፣ ከነሸረሪት ድሩ በአንድ ጠዋት ለቅልቄው ገባሁ።

«ልጄ፣ ኖራ እኮ አቧራ ላይ አይዝም» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ቅኔዎን ይዝረፉ፤ ሳይንሱን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። ድፍረቴን አያችሁልኝ?

በበዓሉ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር አዲስ ሰማያዊ ካኪያቸውን ለብሰው እየጎበኙ እኔ ደጅ ደረሱ። ግድግዳዬን ደገፍ ብለው «ጓዶች፣ አርአያ ማለት ይህ ነው!» እያሉ ረጅም ንግግር አደረጉ። ወደ ሰልፉ ዞር ሲሉ ኖራዬ ከነድሩ ጀርባቸው ላይ ነው። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ከሰልፉ ፊት ፊት እየሄዱ ግድግዳዬን ለከተማው ሁሉ አሳዩልኝ። እኔ ከኋላ ሆኜ «በአሻጥር ይጠይቁኝ ይሆን?» እያልኩ በላብ ተጠመቅሁ።

ቤቴ ስመለስ መሪጌታ ግድግዳዬ ፊት ቆመዋል። ሊቀመንበሩ የተደገፉባት ቦታ በትከሻቸው ልክ ተገልጣ ጭቃዋ ጥርት ብሎ ይታያል።

«አሁን እዚህች ላይ» አሉኝ በመቋሚያቸው እያመለከቱ፣ «ኖራው ይይዝልሃል።»