የመሪጌታ ጉልበትና የቻይናው መድኃኒት

ማንበብ የማይችለውን ጽሑፍ አብልጦ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው። ጉልበታቸው አላስቆም ብሏቸው የመጪውን በዓል ማሕሌት መምራት ሊተዉ ሲሉ፣ ወንድሜ ኮርያ ዘምቶ ሲመለስ ያመጣውን፣ ሕመም ላይ የሚለጠፍ የቻይና ጽሑፍ የታተመበት መድኃኒት ሰጠኋቸው። የባዕድ መድኃኒት ቢጎዳቸውስ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትሁ።

በበዓሉ ማግስት ፒያሳ አገኘኋቸው።

«ማሕሌቱን መቋሚያ ሳልደገፍ ጨረስሁ!» አሉኝ።

እፎይ! «የኔታ፣ ጉልበትዎ ላይ አልቆጠቆጠዎትም?»

«ጉልበቴ ላይ?» ከአንገታቸው በቆዳ የተሰፋ ክታብ መዘዙ። «ይህን የመሰለ ጽሑፍ ያለበትን ጉልበት ላይ? ምነው ልጄ!»

እኔ እንደ ደንቡ ጉልበቴ ላይ ለጥፌው ስነቅለው ጠጉሬን ይዞ ሄደ፤ ሕመሜን ግን ተወልኝ። ይኸው፣ የቀረችኝን አንዷን ይዤ ወደ ቆዳ ሰፊው እያነከስሁ ነው።