የአባባ ቤት ባለአደራ

ሁሉም ተስማምቶ፣ ጫማውን አድርጎ ሊወጣ ሲል «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እኛ ሰፈር፣ ላሙ ደሴት ላይ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት በር ጠራቢው ክቡር ሼኩዌ ነበሩ።

ክፋት የለባቸውም፤ ብቻ አይቸኩሉም። በእህቴ ኒካህ ምስክር ሆነው ተቀምጠው ሳለ ቃዲው «ሙሽራዋ ፈቅዳለች» ቢሉ፣ «ቆይ እስቲ፣ እኔ አልሰማሁም» አሉ። እህቴ ከመጋረጃ ጀርባ «ፈቅጃለሁ አልኩ እኮ!» ብላ እስክትጮህ ድረስ የሠርጉ ሩዝ ቀዘቀዘ። ጀልባ ላይም ተሳፋሪውንና የመንሳፈፊያውን ጃኬት ቆጥረው ካላመሳከሩ አይወጡም። አንድ ቀን እሳቸው ሲቆጥሩ ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ቀረች። ሃያ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲረግማቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው «ብንሰጥም ይሻላችሁ ነበር?» አሉን።

አባቴ ፋማው ሲያረጁ ቤታችንን ወቅፍ ሊያደርጉት ወሰኑ። ከባሕር ድንጋይ የተሠራ የአያቶቻችን ቤት ነው። ወቅፍ ከሆነ አይሸጥም፣ አይከፋፈልም፤ ልጅ የልጅ ልጅ ይኖርበታል። የሚጎድለው ታማኝ ባለአደራ ብቻ ነበር።

ለእኛ ለሦስቱ ልጆች ይህ ጥያቄም አልነበረም። አጎታችን ላሊ አለ! ላሊ ሲስቅ ቤት ይሞላል፤ ማንንም አሳፍሮ መልሶ አያውቅም። አባባ ሐሳባቸውን ቢነግሩት «ምን ችግር አለ ወንድሜ! የት ጋ ነው የምፈርመው?» ብሎ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ።

አባባ አመስግነው ሸኙትና ሼኩዌ ዘንድ ሄዱ። ሼኩዌ የወቅፉን ውል ረቂቅ ተቀብለው ሦስት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ የጥያቄ መዓት ይዘው መጡ። ጣሪያው ቢያፈስ ማን ይወስናል? ልጆቹ ቢጣሉ ማን ያስታርቃል? አባባ ይመልሳሉ፤ የቃዲው ጸሐፊ ይጽፋል። እኔና እህቴ ሻይ ማቅረብ ሰልችቶን ቁጭ አልን። በመጨረሻ ሼኩዌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔስ ብባልግ ማን ይከለክለኛል?» አሉ።

አባባ ወደ ጸሐፊው ዞረው «የሳቸውን ስም ጻፍ» አሉ።

«አባባ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ውሃ ጠማኝ ቢሏቸው መጀመሪያ የጉድጓዱን ጥልቀት ነው የሚለኩት!» አልኩ።

«ላሊን እወደዋለሁ ልጄ። ግን ላሊ ለሁሉም እሺ ነው። እኔ ስሞት እምቢ የሚላችሁ ሰው ነው የምፈልገው።»

አባባ ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የውጭ ሰው ቤቱን ወደደው፤ የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው። ወንድሜ ትልቅ ጀልባ አማረው፤ እኔ ከባሌ ጋር ሞምባሳ ቤት መሥራት። ባለአደራው ከተስማማ ቃዲው በሌላ ንብረት ሊለውጡት ይችላሉ ተባልን። ሦስታችንም ሼኩዌ ሱቅ ሄድን። እየላጉ ሰሙንና «አይሆንም» አሉ። ያን ቀን «ቆይ እስቲ» እንኳ አላሉም።

ደሜ ፈላ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኳቸው። «የአባቴ ቤት እንጂ የአንተ አይደለም!»

መላጊያውን አስቀመጡ። «ልክ ነሽ። የእኔ ቢሆን እሸጥልሽ ነበር።»

አራት ዓመት ሰላምታ ነሳኋቸው። በአምስተኛው ባሌ ፈታኝና ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ ከሞምባሳ ተመለስኩ። ቤቱን ወንድሜና ቤተሰቡ ሞልተውታል። ሚስቱ «ለስንት ቀን ነው?» ብላ ተቀበለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሼኩዌ የወቅፉን ወረቀት በብብታቸው ይዘው መጡና ግቢው መሐል ቆመው አነበቡ፦ «ከሴቶች ልጆቼ ትዳሯ ለፈረሰ የላይኛው ክፍል የእሷ ነው። ለምን ተመለስሽ የሚላት አይኑር።» ከዚያ ወንድሜን «የዓሣ መረብህን ከላይ አውርድ» ብለውት ሄዱ፤ እኔን ቀና ብለውም አላዩኝ። አባባ ይህን ማሰባቸው ገርሞኝ ጸሐፊውን ጠየቅሁት። «የሼኩዌ ሐሳብ ነው» አለኝ። «ይሄ ካልገባ አልፈርምም ብለው ነው።»

አምና ሼኩዌ ሦስታችንንም ሰበሰቡን። «ትናንት የልጄን ስም ረሳሁ» አሉ። «በሚረሳ ጭንቅላት የሰው አደራ አልይዝም። ቃዲው ከፈቀዱ እሷ ትያዘው።» በጣታቸው እኔን አሳዩ።

ወንድሜ ዘሎ ተነሳ። «እሷ እኮ ናት የሰደበችዎት!»

«ለዚህ እኮ ነው። እናንተ ከኋላዬ አጉረመረማችሁ፤ እሷ ፊት ለፊት ጮኸችብኝ። ባለአደራ የሚለውን ፊት ለፊት ይበል።»

ቃዲውም ፈቀዱ። አሁን ዓርብ ዓርብ ዓሣ በኮኮናት ወተት ሠርቼ እወስድላቸዋለሁ። አንዳንዴ ስሜን ይስቱታል፤ እህቴ መስያቸው ያወሩኛል፤ እኔም አላርማቸውም። አንድ ጉርሻ ይቀምሱና ጨው አንሶታል ይላሉ።

እውነትም አንሶታል።