ቁራዎቹ የጠየቁኝ ቃል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ እኔ፣ እዚያው የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተማሪ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ወንበሩን ሁሉ ቁራዎች ይዘውታል። በመስኮት ስመለከት ርእሰ መምህራችን ከባልደረቦቼ ጋር የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተደርድሮ ኮቱን በጥርሱ ያበጥራል።

አስተማሪዋ አንገቷ ነጭ የሆነ አሮጊት ቁራ ነበረች። ጠመኔውን በእግሯ ይዛ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «መርደር» ብላ ጻፈች።

«ይትባረክ፣ ተነሥ። ስለዚህ ቃል ለልጆቹ ምን ብለህ ነው ያስተማርከው?»

«እንግሊዞች የቁራ መንጋን እንዲህ ይሉታል ብዬ ነው፣ እመት።»

«ትርጉሙስ?»

አላበኝ። «ግድያ» አልኩ።

ከኋላ አንድ ከሲታ ቁራ ተነሣ። «ማንን ገደልን?» አለ። አልተቆጣም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው። «የጉጉቶቹን መንጋ እኮ ፓርላማ ብለውታል።»

«እነሱ ቀን ቀን ስለሚያንቀላፉ ነው» አለች አስተማሪዋ።

«ሬሳ ባለበት ስለምትታዩ ይሆናል» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ደግሞ እነሱም ቢሆኑ ለግጥምና ለጨዋታ ካልሆነ ብዙ አይጠቀሙበትም። በተራ ወሬ እንደ ማንኛውም ወፍ ናችሁ።»

«በእናንተ ቋንቋስ ምንድን ነን?»

«መንጋ። እርግቡም፣ ጉጉቱም፣ ቁራውም ያው መንጋ ነው።»

«ፓርላማ የለም?»

«የለም፣ እመት።»

«ነፍሰ ገዳይም የለም?»

«የለም።»

አሮጊቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ይህን ቋንቋ ያስተማረችህን እናትህን አመስግንልን» አለች። እናቴን አስቤ አለቀስኩ። ለዚህ ነገር አመስግኛት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቁራዎቹ የጋቢዬን ጫፍ ጫፍ በመንቆራቸው ይዘው አነሡኝና በመስኮት ወጣን። ርእሰ መምህሩ ከሽቦው ላይ ሆኖ «የትምህርት ዕቅድህን አስገብተሃል?» ሲል ሰማሁት። ከተማው ከሥሬ ይወዛወዛል።

ነቃሁ። ነግቷል። ቃሬዛ ላይ ነኝ፤ አራት ጎረቤቶቼ ተሸክመውኝ በጭቃው መንገድ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣሉ። ለካ ወባው ራሴን አስቶኝ ኖሯል። ሚስቴ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከተላለች። በራስጌዬ በኩል የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ተሻገር፣ በሰባ ዓመታቸው፣ እንጨቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ያለከልካሉ።

«ጋሽ ተሻገር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

ጎንበስ ብለው አዩኝና ወደ ኋላ ዞረው ሚስቴን ተጣሩ።

«ጥሩወርቅ፣ ተናግሯል። ሂጂና ድንኳኑን መልሱት በያቸው።»