የእንየው ልብወለድ አርቃቂ ኮሚቴ

ሥነ ጽሑፍ በሰከነ አመራር ሥር ሲውል ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማሳየት፣ ሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል የተከናወነውን ታላቅ ሥራ ብመዘግብ እንደ ጉራ አይቆጠርብኝም።

ወንድሜ እንየው ጋአን ሊባህ ሰፈር ፎቅ ሲለስን ከፖንቴው፣ ከእንጨት መወጣጫው ላይ ወድቆ ሞተ። ባለቤቱ እናትነሽ አርባው ሲወጣ ወደ አገር ቤት፣ ወደ እናታችን ልትሄድ ነው። እናታችን ዓይናቸው አያይም።

«እሱ ራሱ የሚያወራ አስመስላችሁ መጽሐፍ ጻፉልኝ» አለችን። «እኔ እንየው ብሎ ይጀምር። አነብላቸዋለሁ።»

ዕድራችን ጥያቄውን በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ተቀብሎ አምስት አባላት ያሉት አርቃቂ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ቀለም ቀቢው ኪዱ፣ ጸሐፊው እኔ። ልብወለድ ከመጻፉ በፊት ዕቅድ እንደሚያስፈልገው ኪዱ ስልኩ ላይ አንብቧል።

በመጀመሪያው ስብሰባ «እኔ» የሚለው ማን እንደሆነ ተወያየን። እንየው መሆኑ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። አንድ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ።

«ከመሳቁ በፊት አፍንጫውን ያሽ ነበር» አልኩ። «በዚያ በሲሚንቶ እጁ። አፍንጫው ነጭ ሆኖ ነው የሚስቀው።»

«ግሩም ዝርዝር ነው» አለ ኪዱ። «ዝርዝር ግን ከመዋቅር በኋላ ነው። ቁጭ በል ወንድሜ።»

በይደር ተያዘ ብዬ ጻፍኩ።

የቤቱ ባለቤት ዴቃ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛችን አያመልጣትም። በሩን ተደግፋ ስትሰማን ቆየችና «ወላሂ፣ ጉድ ናችሁ!» አለች። «እኛ ሰው ሲሞትብን እናወራለታለን። እናንተ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ?»

አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ስለነበር አልተመዘገበም።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ዕቅዱ ተጠናቀቀ፤ ሃያ አራት ምዕራፍ፣ በሦስት ቀለም፣ ግድግዳው ሙሉ። ያኔ አንድ አባል ጣቱን ምዕራፍ ስምንት ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ይሞታል። የቀረውን ማን ያወራል?»

ሁለት ሰዓት ተመካከርን። በመጨረሻም ለመዋቅሩ ደኅንነት ሲባል እንየው እንዳይሞት በሙሉ ድምፅ ወሰንን። እኔም እጄን አወጣሁ። ሁለቱንም ማውጣት ቢፈቀድ ሁለቱንም አወጣ ነበር።

በማግስቱ እናትነሽ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ወደ ድንበር፣ ወደ ውጫሌ የሚወስዳት መኪና መንገድ ላይ ጥሩምባ ይነፋባታል።

«መጽሐፉስ?»

«መጻፉ ይቀራል እንጂ ሁሉ ነገር አልቋል» አለ ኪዱ፣ ግድግዳውን እያሳያት። «ደግሞ ደስ ይበልሽ እህቴ፣ እንየው አይሞትም። ወስነናል።»

ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ታዲያ ለምን ቤቱ አይመጣም?»

ኪዱ ወደ እኔ ዞረ። «ያዝ፣ ጸሐፊ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ ይወጣዋል።»

ያዝኩ። በአርባ ቀን ውስጥ ስለ ወንድሜ የጻፍኩት ይህቺን የእሷን ጥያቄ ብቻ ነው።