ጤዛ የሚያራግፍ ይቅደም

በአገራችን በር የሚሠራው ለመግቢያ ይመስላችኋል? ከመሰላችሁ፣ ሁለት የተከባበሩ ሰዎች እኩል በር ላይ ሲደርሱ አላያችሁም ማለት ነው። "ይለፉ።" "ኧረ እርስዎ ይለፉ።" "በሞቴ።" "አፈር ስሆን።" እነሱ እንዲህ ሲገፋፉ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ እግሩን ይቀያይራል፤ ውስጥ የቀረበው ወጥ ይቀዘቅዛል። ያለፈው መንግሥት "ትቅደም" የሚል መፈክር ግድግዳ ለግድግዳ ሲጽፍ ኖሮ ሄደ። በር ላይ ግን አንድም ሰው አልቀደመም።

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ የሚበልጠን የለም እል ነበር። ልኬን ያወቅሁት ግብርና መምሪያ ተመድቤ ቦንጋ ስገባ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍል ኃላፊዬ ጋር መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተገጣጠምን። እሳቸው እንግዳ ነህ ብለው፣ እኔ አለቃዬ ነዎት ብዬ ስንከራከር፣ የቦንጋ ዝናብ ደግሞ የማንንም ክርክር አይጠብቅምና፣ የኋላ ኋላ ስንገባ ሸሚዛችን ተጨምቆ የሚሰጣ ሆኖ ነበር።

ይህን ማንሳቴ ለሐሜት አይደለም። ይኸው የበር ላይ ጨዋነታችን ባሕር ተሻግሮ፣ ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ሜዳ ድረስ ተከትሎን መጥቶ ጉድ ስለሠራን ነው።

መምህር ወዳጆ ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ዓይኖቹን በልጅነቱ በሕመም አጥቷል፤ እግሮቹ ግን የሁላችንንም ድርሻ የወሰዱ ናቸው። እኔም በጉብዝናዬ ሯጭ ስለነበርኩ መሪው ሆንኩ። ማለዳ ማለዳ የእሱን እጅና የእኔን እጅ በአንዲት የጫማ ማሰሪያ አገናኝተን ኳስ ሜዳውን እንዞራለን። አሥር ዓመት ያህል ስለምበልጠው "ጋሼ" ይለኛል። ከሩጫ በኋላ ቁርስ ቤትም እንሂድ ትምህርት ቤት፣ በሩ ጋ ስንጠጋ እኔ "ደረስን" እላለሁ፤ እሱ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይልና "ጋሼ፣ ይለፉ" ይለኛል። እኔም አልፋለሁ። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የማጣሪያ ውድድር ተከታዮቻችንን በጣም ርቀናቸው ስለገባን፣ የማን ደረት ቀደመ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። የብሔራዊ ቡድኑን ቱታ ለበስን። ወዳጆ ደረቱ ላይ የተጻፈውን የአገሩን ስም በጣቱ እየዳሰሰ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር አየሁት። ቦንጋ መምህር ሆኖ ሲመደብ "የማያይ ሰው ልጆቻችንን ምን ሊያሳያቸው ነው" ያሉ ወላጆች ነበሩ። አሁን እነሱም ተማሪዎቹም ቦንጋ ላይ ሬዲዮ ከብበው ይጠብቁናል። ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም ነበር።

ሁለት ውድድር ነበረን፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር፣ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ አምስት ሺህ። ሕጉ አጭር ነው፤ የመሪው ደረት ከሯጩ ደረት ቀድሞ መስመሩን ከነካ ውጤቱ ይሰረዛል። ስማችን መሪ ነው፣ መቅደም ግን ክልክል ነው። (ይህ ሕግ ለሌሎች መሪዎችም በወጣ የምትሉ ካላችሁ በሆዳችሁ ያዙት።)

የመጀመሪያውን ውድድር እንዴት ልንገራችሁ! የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አራተኛ ነበርን። አንዱን አለፍን። መታጠፊያው ላይ ሌላውን አለፍን። ስታዲየሙ ይጮኻል፣ ሳንባዬ ሊፈነዳ ነው፣ ወዳጆ ግን ገና ትንፋሽ አለው። ሁለተኛ! አሥር እርምጃ ሲቀረን ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ "ወዳጆ፣ ደረስን!" አልኩት።

ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አለ።

እኔ በፍጥነቴ ተወርውሬ መስመሩን በደረቴ ቀድሜው አለፍኩ። የወዳጆ ስም ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

"ምን ነካህ?" አልኩት።

"ምንም። ደረስን ሲሉኝ ጊዜ፣ ይለፉ ብዬ ነው" አለኝ።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልቆጣ አሰብኩ፤ ግን በማን ላይ? ከበር በር እየወሰድኩ፣ ደረስን እያልኩ፣ እየቀደምኩ ያስለመድኩት እኔው ነኝ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነውና ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተጠራ። የቡድን መሪያችን ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘረጉ። ወዳጆ ግለ ሂስ አድርግ ተባለና ተነሣ። "ታላቄን አክብሬያለሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴን አምናለሁ" አለና ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ከመጠን ያለፈ ትሕትና" ተብሎ ተጻፈ። በዓለም ላይ በዚህ ወንጀል የተገመገመ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ውሳኔውም እስከ ቀጣዩ ውድድር ድረስ ወዳጆ በማናቸውም በር ቀድሞኝ እንዲያልፍ ሆነ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ምግብ አዳራሹ በር ላይ ላብ ያጠምቀዋል። አውቶቡሱ ጋ እግሩን ያነሣና ይመልሰዋል። ሊፍቱ ጋ እሱ "ይለፉ"፣ እኔ "ተው፣ ቅደም" ስንባባል በሩ ተዘጋና የቡድን መሪያችንን ብቻቸውን ይዟቸው ወጣ። "ጋሼ፣ አምስት ሺህ ሜትሩ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ የመጨረሻዋ ግማሽ እርምጃ ናት" አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ያደገበትን በአራት ቀን አያወልቅም።

ቢጨንቀኝ ቦንጋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ስልክ ደወልኩ፤ እሳቸውም የወዳጆን አባት አስጠሩልኝ። ጋሽ ገብሬ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ንብ የሚያነቡ ሰው ናቸው። በማግስቱ በእግራቸው ቦንጋ ገብተው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስልክ ያዙ። አባትና ልጅ በካፊኖኖ ቋንቋ ሲነጋገሩ እኔ የማነብበው የወዳጆን ፊት ብቻ ነው። ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ ሳቀ።

"ምን አሉህ?"

"'ጤዛውን ማን ነው የሚያራግፈው?' አሉኝ።"

አልገባኝም። ወዳጆ አስረዳኝ። ማንኪራ ውስጥ የጫካው መንገድ ጠባብ ነው፤ ማለዳ ሣሩም የቡናው ቅርንጫፍም ጤዛ ተሸክሞ ያድራል። በር ላይ ታላቅ ይቀድማል። በጤዛ መንገድ ላይ ግን የሚቀድመው ታናሽ ነው፤ ታላቁ ሳይርስ እንዲደርስ ጤዛውን በእግሩና በትከሻው እያራገፈለት ይሄዳል። ወዳጆ ዓይኑን ካጣ በኋላም አባቱ ከዚህ ግዴታ አላወጡትም፤ ከፊት ያስቀድሙትና ከኋላ ሆነው በድምፃቸው ይመሩት ነበር።

"'ያ የምትለው መስመር መዝጊያ አለው ወይ?' አሉኝ። የለውም አልኳቸው። 'እንግዲያው በር አይደለም፤ መንገድ ነው። ለጋሼህ ጤዛውን አራግፍለት' አሉኝ።"

በአራተኛው ቀን ሮጥን። ከአምስቱ ሺህ ሜትር አራቱን ሺህ አልተርክላችሁም፤ እኔም በደንብ አላስታውሰውም። በመጨረሻው ዙር አራተኛ ነበርን። ከፊታችን ያሉት ሦስተኛው ሯጭና የሚመራው ሰው አንድ ላይ ሲያቃስቱ ይሰማኛል። ወዳጆም ሰማቸውና ሳልነግረው ጨመረ። እኩል ሆንን። አሥር እርምጃ ቀረን።

"ወዳጆ፣ ጤዛ!"

ማሰሪያው አንጓዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ትከሻው ከፊቴ፣ ደረቱ ከፊቴ፣ ሁለመናው ከፊቴ ሆኖ መስመሩን አለፈ፤ እኔ ከኋላው ተንጠልጥዬ ገባሁ። ሰሌዳውን አየሁ። ሦስተኛ ይላል። እስኪጠፋ ጠበቅሁ። አልጠፋም። እያየሁለት፣ እየነገርኩት፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በዚያን ጊዜ ለመሪ ሜዳሊያ አይሰጥም ነበር። ከፍ ያለውን መድረክ "ደረጃ ነው" ብዬ አስወጣሁትና ዞር አልኩ። አልከፋኝም ብል ትንሽ መዋሸት ይሆንብኛል።

ቦንጋ በዝናብ ተቀበለችን። አቀባበል የተዘጋጀልን አዳራሽ በር ላይ ስንደርስ ወዳጆ ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አለ። "ጋሼ፣ ይለፉ።" "ዛሬስ አንተ ቅደም" አልኩት። "ይሄ መዝጊያ አለው" አለኝ። ከኋላችን የዞኑ ባለሥልጣናት፣ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድና እነዚያ ወላጆች ሳይቀሩ በዝናብ ተበሰበሱ፤ አንድም ሰው ግን አላጉረመረመም።

እሑድ ማለዳ ወደ ማንኪራ ሄድን። ወዳጆ ከፊት፣ እኔ ማሰሪያዋን ይዤ ከኋላ፣ "ግራ፣ ቀኝ፣ ሥር አለ" እያልኩት። ጋሽ ገብሬ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው እስከ ደረቱ ርሷል፤ ሜዳሊያውም ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ አዩትና አለፉት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉ፤ የሱሪዬን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ጨመቁት።

"ደረቅ ነው" አሉት ልጃቸውን።

ወዳጆ ስታዲየሙ ውስጥ እንኳ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ሽማግሌው ቀና ብለው በእጃቸው በሩን አሳዩኝ።

"ይለፉ።"

"ኧረ እርስዎ ይለፉ" አልኳቸው።