የቀጄላ ልብ በየት በኩል ነው?

(መካኒሳ፣ ከአንዲት ትንሽ ክሊኒክ አጥር ሥር፤ ከሰዓት በኋላ። ቸኮል የክሊኒኩ ዘበኛ ነው፤ ነገ ጧት የድሬሰርነት፣ ማለትም የሐኪም ረዳትነት፣ ፈተና አለበት። ቀጄላ የላፍቶ ገበሬ ነው፤ በየበዓሉ የሰፈሩን የቅርጫ በሬ አርዶ የሚያከፋፍለው እሱ ነው።)

ቀጄላ፦ አላወልቅም ብያለሁ! ሰው በጠራራ ፀሐይ ደረቱን ገልጦ መንገድ ዳር ይቆማል?

ቸኮል፦ ለትምህርት ነው እኮ! ነገ ፈታኙ ፊት ቆሜ የሰውን ገላ ክፍል በክፍል መዘርዘር አለብኝ። ሁለቴ ወድቄያለሁ። ዘንድሮም ከወደቅሁ ዕድሜ ልኬን ይሄን በር ስከፍትና ስዘጋ መኖሬ ነው!

ቀጄላ፦ ታዲያ የራስህን ደረት አትገልጥም?

ቸኮል፦ የራሴ አይታየኝማ!

(ቀጄላ እያጉረመረመ ሸሚዙን ያወልቃል። ቸኮል ከኪሱ ከሰል ያወጣል።)

ቀጄላ፦ እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?

ቸኮል፦ የሆድ ዕቃህን በየቦታው ምልክት ላደርግበት። ቀጥ በል! የሰው ልጅ ሁለት መቶ ስድስት አጥንት አለው።

ቀጄላ፦ ማን ቆጠረው?

ቸኮል፦ ሊቃውንት ናቸዋ።

ቀጄላ፦ ሰውዬው ዝም ብሎ አስቆጠራቸው?

ቸኮል፦ የሞተ ሰው ነው!

ቀጄላ፦ እኮ! በሕይወት ቢኖር መቼ እሺ ይላል።

ቸኮል፦ አንጀት ደግሞ ስምንት ሜትር ግድም ነው።

ቀጄላ፦ (ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ) ስምንት ሜትር? እዚህ ውስጥ? ያ ዋቃዮ! ባለቤቴ ገዲሴ «አንተ ሰው አትጠግብም ወይ?» ስትለኝ እኮ እያፈርኩ ከገበታ እነሳለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ!

ቸኮል፦ አታዘናጋኝ። ሳምባ ሁለት፣ ኩላሊት ሁለት፣ ጨጓራ አንድ፣ ጣፊያ አንድ...

ቀጄላ፦ ሽንፍላስ?

ቸኮል፦ ሰው ሽንፍላ የለውም።

ቀጄላ፦ ማን ወሰደው?

ቸኮል፦ ማንም አልወሰደውም! ሲፈጠርም የለውም!

ቀጄላ፦ እኔ ካከፋፈልኩት በሬ ሽንፍላ ጠፍቶ አያውቅም። ቢጠፋ ሰፈሩ በዱላ ይፈነካከታል። አንተ እንዲሁ «የለም» ብለህ ታልፈዋለህ?

ቸኮል፦ ሰውና በሬ አንድ ነው እንዴ፣ አንተ! ዝም ብለህ ቁም። (በቀጄላ ደረት ላይ፣ በቀጄላ ቀኝ በኩል፣ በከሰል ክብ ይስላል።) ይሄ ልብ። (በቀጄላ ግራ በኩል ከጎድኑ ሥር ሌላ ክብ ይስላል።) ይሄ ጉበት።

ቀጄላ፦ (ደረቱን ይዳብሳል) ቸኮል...

ቸኮል፦ አትነካካው፣ ታጠፋብኛለህ!

ቀጄላ፦ ልቤ እዚህ የለም። የሚመታው በዚህ በግራ ነው። አንተ የሳልክበት ጭጭ ብሏል።

ቸኮል፦ (ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ፊቱ ይለዋወጣል።) ቀጄላ ወንድሜ፣ እስቲ ቁጭ በል።

ቀጄላ፦ ምነው?

ቸኮል፦ ልብህ ቦታውን ለቋል።

ቀጄላ፦ (ዘፍ ብሎ ይቀመጣል) ወዴት ሊሄድ?

ቸኮል፦ ወደ ግራ ተንሸራቷል። ሰሞኑን ከባድ ነገር አንስተሃል?

ቀጄላ፦ ትናንት የጎፋው ወንዝ ላይ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተይዞ... ገፋሁ።

ቸኮል፦ አየህ!

ቀጄላ፦ ልሞት ነው? ጤፌን ገና አላጨድኩም እኮ! ፈራሁ ቸኮል፣ በጣም ፈራሁ።

ቸኮል፦ አይዞህ። ጤነኛ ልብ እንዴት እንደሚመታ ላሳይህ። እጅህን አምጣ፣ እዚህ በቀኜ... (ቀኙን ይዳብሳል። ግራውን ይዳብሳል።) ኧረ ጉድ!

ቀጄላ፦ አንተም ጋሪ ገፋህ?

ቸኮል፦ ምንም አልገፋሁም! ደግፈኝ ቀጄላ! የነገው ፈተና ይቅርና ነገን ማየቴንም እንጃ!

ቀጄላ፦ ቆይ ቆይ። ልብ በቀኝ ነው ያለህ ማን ነው?

ቸኮል፦ በዓይኔ ያየሁት ነው! ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ትልቅ የሰው ስዕል ተሰቅሏል። ልቡ በቀኝ እጄ በኩል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆሜ «ልብ በቀኝ፣ ጉበት በግራ» እያልኩ ያጠናሁት ነው!

ቀጄላ፦ በሬውን በጀርባው አንጋልዬ ከእግሩ በኩል ስቆም፣ ጨጓራው በቀኝ እጄ በኩል ይሆናል። ለበሬው ግን ግራው ነው።

ቸኮል፦ እኔ እየሞትኩ አንተ ስለ በሬ ታወራለህ?

ቀጄላ፦ ስዕሉ የሰጠህ ፊቱን ነው ጀርባውን?

ቸኮል፦ ፊቱን ነዋ።

ቀጄላ፦ እንግዲያው ያንተ ቀኝ የሱ ግራ ነው!

(ቸኮል ቀኝ እጁን ያያል። ግራ እጁን ያያል። ዞሮ ይቆምና እንደገና ያያል።)

ቸኮል፦ ሁለቴ የወደቅሁት... ለዚህ ነው? ፈታኙን «ምቀኛ ነው» ብዬ በየጠጅ ቤቱ ስሙን ሳጠፋ ከረምኩ እኮ!

ቀጄላ፦ በቃ፣ አትዘን። ነገ ቀኝ ያልከውን ግራ፣ ግራ ያልከውን ቀኝ በለው። ሌላውን ታውቀዋለህ፤ ታልፋለህ።

ቸኮል፦ (ያቅፈዋል) እግዜር ይስጥህ ወንድሜ! ድሬሰር ልሁን እንጂ መጀመሪያ የማክመው አንተን ነው!

ቀጄላ፦ (ሸሚዙን አፈፍ አድርጎ ወደ ላፍቶ እየሮጠ) ኧረ ተሽሎኛል! ተሽሎኛል!