ሚስቱ ያልሄደችበት ሰው

በየሰፈሩ ሐዘን ሳይደርስበት የሚያዝን አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሆዱ ሙሉ ነው፣ ሚስቱ እጓዳ ናት። እሱ ግን ምሳውን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ወንበሩን ወደ ሸክላ ማጫወቻው ጎትቶ፣ ባሏን ጥላ ስለሄደች አንዲት የማያውቃት ሴት እንባውን ያፈሳል። በቴነሲ ኮረብቶች መሀል በተወሸቀው በባርሎው ሸለቆ፣ የዚህ ማኅበር መሥራችም፣ ሊቀ መንበርም፣ ብቸኛ አባልም ክቡር ደልበርት ፕሩዊት ነው።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሉርሊን ታኬት ናት። የሷ ወጥ ቤትና የደልበርት ሳሎን ፊት ለፊት ናቸው። በመካከላቸው ያለው አንድ ረድፍ ቲማቲም ብቻ ሲሆን፣ ቲማቲም ደግሞ ድምፅ አይከልልም።

የደልበርት ዘፈኖች ስለ ባቡር፣ ስለ እስር ቤትና ስለ ውስኪ ናቸው። ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም፤ በሩቁ ሲጮህ ሲሰማ ግን እንደ ዘመድ አስከሬን ኮፍያውን ያወልቅለታል። እስር ቤት የገባው አንዴ ነው፤ እሱም ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ለእስረኞች ሊዘምር። መጠጥማ የጠንካራ ባፕቲስት ልጅ ነውና በአፉ አይዞርም፤ የሚጠጣው አሬራ ነው። አሬራውን ግን እንደ ውስኪ ነው የሚጠጣው። አንዴ ይጎነጭና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሕይወት እንደከዳችው ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

"ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብህ?" ትለዋለች ሉርሊን፣ ቲማቲሟን እየለቀመች።

"ማንም። ይሄ ዘፈን ግን ልክ የኔን ሕይወት ነው የሚያወራው።"

"ምን ይላል?"

"ሚስቱ ከልብ ጓደኛው ጋር ጠፋችበት ነው የሚለው።"

"ኦፓል የት አለች?"

"ባሚያ እየጠበሰች ነው።"

ወዲያው ኦፓል ከጓዳ ትጣራለች። "ደልበርት፣ ሰውዬው እስኪሞት አትጠብቅ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።"

"ሁለት ስንኝ ነው የቀረው፣ የኔ ማር።"

የፓስተሩ ልጅ ስታገባ ደልበርትን ሸክላ ይዞ እንዲመጣ የለመነው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ያመነም የለም። ሙሽሮቹ ኬኩን ሊቆርሱ ቢላዋ እንዳነሱ፣ ክቡርነቱ እናቱን በዝናብ ስለቀበረ ልጅ የተዘፈነውን ከፈተው። ሙሽራዋ አለቀሰች። የሙሽራው አክስት እናቷን ከቀበረች ቆይታ ነበር፤ ልቅሶዋን እንደ አዲስ አነሳችው። ፓስተሩ ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ ሲያወጣው ደልበርት ተገርሞ ነበር። "ወንድም ፓስተር፣ ደስ የሚል ዘፈን እኮ ደስ ባለን ቀን ብቻ ነው የሚሰማው። የሚያሳዝነው ግን ለሁሉም ቀን ይሆናል" ብሎ ተከራከረ።

ሸለቆው ይስቅበት ነበር። ሉርሊን ግን አልሳቀችም። ባሏ ዌንደል "ዲትሮይት መኪና ፋብሪካ ሥራ ይዤ እልክብሻለሁ" ብሎ አውቶቡስ እንደተሳፈረ የቀረ ሰው ነው። ሞተ ተብሎ አልተለቀሰለት፣ አለ ተብሎ አልተጻፈለት። ታዲያ ደልበርት ምሳ በበላ ቁጥር የሚያፈሰው እንባ የማን ነው? የሷ ነው። ተውሶት ነው፤ ያውም ሳያስፈቅድ። ብድሯን ለመመለስ ሬዲዮኗ ላይ የጭብጨባ መዝሙር ፈልጋ እስከ ጥጉ ትከፍተው ነበር። የምታለቅሰዋን ጊታር ግን የሚያሸንፍ ጭብጨባ አልተገኘም።

በነሐሴ አንድ ቀን ኦፓል ጎኗን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኖክስቪል ሆስፒታል ወሰዷት። የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ፣ ተቀደደች፣ ቁስሉ አመረቀዘ።

ሉርሊን በመጀመሪያው ቀን ጆሮዋ እረፍት አገኘ። መዝሙሯን እንኳ ዝቅ አድርጋ ሰማች። ዋል አደር ሲል ግን ሳህን እያጠበች ውኃውን እየዘጋች ታዳምጥ ጀመር። ደልበርት ዶሮዎቹን ሊያበላ ብቅ ይልና፣ ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ይቀመጣል። ክዳኑን አይነካውም። ተቀምጦ፣ ተነስቶ ይሄዳል።

በቲማቲሙ አሻግራ ጠየቀችው። "ኦፓል እንዴት ዋለች?"

"ትኩሳቱ አልበርድ ብሏል።"

"አንድ ዘፈን ከፍተህ ትንሽ አረፍ ብትል?"

"አይ" አለ። "አሁን አይሆንም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሕይወቱ የሚያወራ ዘፈን አያጣም ነበር። ሉርሊን የፈራችው ያኔ ነው። እሷም ዌንደል የሄደ ሰሞን የፌንጣ ጩኸት እንኳ አላስችል ብሏት፣ መስኮት ዘግታ ከርማለች። እውነተኛው ሲመጣ ዘፈን እንደማያስፈልገው ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት የደልበርት ፒክአፕ አቧራ እያስነሳ መጣ። ወደ ቤት ሮጦ ገባ። ሲወጣ የኦፓልን ሰማያዊ የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ፣ ተተኩሶ መስቀያ ላይ እንዳለ፣ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞታል። በሌላው እጁ ጫማዋን። መኪናው ውስጥ ሰቅሎት፣ ግራ ቀኝ ሳያይ በረረ።

በባርሎው ሸለቆ የሴት ምርጥ ቀሚስ ያለ ባለቤቱ፣ መስቀያ ላይ ሆኖ ከቤት ከወጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አስከሬን አልባሹ ልብስ ጠይቋል። ሉርሊን ለፓስተሩ ሚስት ለእህት አርዲስ ስልክ ደወለች።

"ሰማያዊው ቀሚስ ወጣ።"

"መስቀያ ላይ?"

"መስቀያ ላይ። ጫማውም።"

"የአሳማውን ጭን አንቺ ትጠብሻለሽ ወይስ እኔ?" አለች አርዲስ።

"እኔ።"

ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልጠየቀም። በዚያ አገር በር አይቆለፍም፤ እዝኑ እየተግተለተለ ገባ። የድንች ሰላጣው፣ የበቆሎ ዳቦው፣ ፎሶሊያው፣ ሦስት ዓይነት የሙዝ ፑዲንግ፤ ሳህኑ ለባለቤቱ እንዲመለስ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ከሥሩ እየተለጠፈ። ሉርሊን የጠበሰችውን ጭን መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ብቻዋን ወደ ሳሎን ገባች። ሸክላ ማጫወቻው አቧራ ለብሷል። በሽርጧ ጠረገችው። ይሄ ሰው ከንግዲህ ምን ይሆናል? ዕድሜውን ሙሉ ሐዘንን እንደ እንግዳ ሲጋብዝ ኖሮ፣ አሁን እውነተኛው ሐዘን ራሱ ሻንጣውን ይዞ ሊገባ ነው። "ጌታ ሆይ" አለች ሉርሊን፣ ሽርጧን እንደያዘች፣ "በውሸቱ ያልቅስ። እንደ ድሮው በውሸቱ ብቻ ያልቅስልኝ።"

ፒክአፑ ወደ ማታው ላይ ተመለሰ። ሴቶቹ ጥቁር ባርኔጣቸውን ደፍተው በረንዳው ላይ ተሰለፉ። የተሳፋሪው በር ተከፈተ፤ መጀመሪያ ጫማው ወጣ፣ ከዚያ ሰማያዊው ቀሚስ፣ ከዚያ ቀሚሱ ውስጥ ኦፓል። ከስታ፣ ገርጥታ፣ ጎኗን በእጇ ደግፋ። ባርኔጣዎቹን አንድ በአንድ አየች።

"ማነው የሞተው?"

ባርኔጣዎቹ አንድ በአንድ ከየራሱ ወረዱ።

"አንቺ፣ እህት ኦፓል" አለች አርዲስ በመጨረሻ።

"ማን ነው ያለው?"

"ቀሚስሽ።"

ኦፓል ወደ ደልበርት ዞረች። ደልበርት ወደ ቀሚሱ አየ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ጆሮው ድረስ ቀላ። "አምጣልኝ አለችኝ፣ አመጣሁላት። ትኩሳቱ በረደ፣ ውጪ አሏት" አለ።

"በዚህ ሁሉ በረንዳ ፊት በሆስፒታል ፒጃማ ልግባላችሁ?" አለች ኦፓል።

ሉርሊን በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፤ ኦፓል "ስፌቴን፣ ስፌቴን" እያለች እስክትለምናቸው ድረስ አላቆሙም። ደግፈው አስገቧት፤ ሶፋው ላይ አስደግፈው የገዛ እዝኗን አቀረቡላት። በዓይኗ ሁሉንም ቀመሰች። ሐኪሙ የፈቀደላት አንድ ማንኪያ ፑዲንግ ብቻ ነበር። እሱን ልሳ፣ "ለሞተች ሴት አይከፋም" አለች።

ባርኔጣዎቹ እየተሰናበቱ ሲሄዱ ሉርሊን ቀረች። ደልበርት ሳህኑን ይዞ ከተዘጋው ሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ተቀምጧል። ይበላል፣ ኦፓልን ያያል፣ ይበላል።

"በል ክፈተው እንጂ" አለችው ሉርሊን።

"የቱን?"

"የባሰውን።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አንድ ሸክላ መረጠ። መርፌዋ ተንኮሻኮሸች፤ ጊታሯ ልቅሶዋን ጀመረች። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት ገና ሻንጣዋን ሳትዘጋ፣ የደልበርት እንባ በጉንጩ ወርዶ፣ አፉ የአሳማ ሥጋ እንደጎረሰ አገጩ ላይ ደረሰ።

"ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?" አለች ሉርሊን በሹክሹክታ።

"መቻል አይደለም" አለች ኦፓል፣ ዓይኗን ከድና። "ሰው ትዳሩን ትቶ የሚጠፋበት አገር ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ እጓዳ ሆኜ፣ ስለሄደችበት ሚስት ሲያለቅስ ስሰማ፣ ባሌ የት እንዳለ አውቃለሁ።"

ሉርሊንም ይህን ሁሉ ዓመት፣ ከቲማቲሙ ወዲህ ሆና እየተራገመች፣ ቢያንስ የአንድ ወንድ አድራሻ ሳይጠፋባት ኖራለች።

ዘፈኑ አለቀ። መርፌዋ ባዶውን ትፍቃለች። ደልበርት በመሀረቡ አፍንጫውን እየጠረገ፣ ጎረቤቱ በቃህ እስክትለው ይጠብቃል።

"ገልብጠው እንጂ" አለችው ሉርሊን። "ጀርባው ላይም አንድ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።"